ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ የበላው መኪና

መኪና ገዝቶ ጠባዩ ያልተለወጠ ሰው ካያችሁ ቤቱን ጠቁሙኝና ሄጄ ጉልበቱን ልሳም። እኔ ተለውጬ ነበር፤ ያውም ታርጋው በወጉ ሳይታሰር። የምነግራችሁ ወደ ቀድሞው ጠባዬ ማን እንደመለሰኝ ነው። መሳቅ ይቻላል፣ እኔም ስቄበታለሁ።

ይርገዱ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ወፍጮውንም ልጄን አንተነህንም ያሳደግሁት ብቻዬን ነው። ለብዙ ዓመት የምነዳው እህል የምጭንበት አሮጌ ፒክአፕ ነበር፤ በሩ በሽቦ የሚታሰር፣ ሲነሳ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ። እሱን ሸጥኩና የዕቁብ ብር ጨምሬበት ቻይና ሠራሽ፣ በመብራት የሚሄድ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ ትልቅ መኪና ገዛሁ። ለምን ይህን ያህል ትልቅ ብለው ሲጠይቁኝ "ለቤተሰብ ነው" እላለሁ። ቤተሰቤ እኔና አንተነህ ነን።

መኪናው ድምፅ የለውም። ዕድሜዋን ሙሉ ወፍጮ ሲጮህባት ለኖረች ሴት ይህ እንግዳ ነገር ነው። ተነስቷል አልተነሳም እያልኩ ጆሮዬን መሪው ላይ እስከ መለጠፍ ደርሻለሁ። ሞተሩ ዝም ይበል እንጂ ውስጡ አንዲት ሴት አለች። በቻይንኛ ትናገራለች። በር ሲከፈት ትናገራለች፣ ቀበቶ ካልታሰረ ትቆጣለች፣ አጥር ከተጠጋሁ ትጮኻለች። ምን እንደምትል አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ ድምጿ ግን አማቴን ያስታውሰኛል፣ ነፍሷን ይማረውና።

"እንኳን ደስ ያለሽ" ሊሉ የመጡ ጎረቤቶች ቤት አልገቡም፤ መኪናው ውስጥ ነው የተቀመጡት። ማሞቂያው ተከፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ መዝሙር ተከፍቶ፣ ሳሎን መስሎ ነበር የሚያመሸው። እኔም ሁሉንም ጫማ እያስወለቅኩ ነው የማስገባቸው። ቁልፉን ከማተቤ ጎን አንጠልጥዬ ነበር የምተኛው። አንተነህ "እማ፣ አንድ ጊዜ እስከ አደባባዩ ብቻ ልንዳው" ሲለኝ "ሚስት ስታገባ ትነዳዋለህ" አልኩት።

ሚስቲቱ ግን ቀላል አልነበረችም። ማስተዋል ትባላለች፣ ነርስ ናት። ከአንተነህ ጋር የተዋወቁት ሲማሩ ነው። ቤተሰቦቿ ሮብ ገበያ ዳር የሚኖሩ ገብስና ድንች አምራቾች ናቸው። አባቷ አቶ አለኸኝ በወግ አጥባቂነታቸው በስናን ወረዳ ሁሉ የታወቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የላክናቸውን ሽማግሌዎች "ከሦስታችሁ አንዱ ፀጉሩ ገና ጥቁር ነው፤ ሽማግሌ ብላችሁ ጎረምሳ ላካችሁብኝ" ብለው መልሰዋቸዋል። "አንድ ጊዜ ደግመው ይምጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደጄን አይርገጡ" ብለውም ነበር። ማስተዋልም ለልጄ እቅጩን ነገረችው፦ "እወድሃለሁ፤ ግን አባቴን አስቀይሜ ከዚያ ቤት አልወጣም።" እንግዲህ ሁለተኛው ልመና የመጨረሻው ነበር። አንተነህ እህል መቅመስ ካቆመ ሰንብቷል።

ለሽማግሌዎቹ ሚኒባስ እንከራይ አለ ልጄ። እኔ ግን አዲስ መኪና ደጄ ቆሞ ሽማግሌዎቼ በሚኒባስ ከድንች ጆንያ ጋር ተጨናንቀው ሲሄዱ ታየኝ።

"በኔው መኪና ነው የሚሄዱት" አልኩ።

"ማን ሊነዳው?" አሉ አያ ፈንታ። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

"እኔ ነኛ።"

"አብደሻል? የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ የት አይተሻል?"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ በተላከ ቀን የልጁ እናት ቤቷ ቁጭ ብላ ትጸልያለች እንጂ የሴት ልጅ ደጅ አትታይም። እኔ ግን ቁልፉን ለሰው ከምሰጥ ወግ ብጥስ መረጥኩ። "ሹፌር ናት በሉ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከመኪናው አልወርድም" አልኩና ነገሩን ጨረስኩት።

የጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልቄ በፌስታል ከኋላ ጭኜላቸው ተሳፈሩ። ከአያ ፈንታ ሌላ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ያስተማሩት መሪጌታ ጥበቡና ጉልበታቸውን የሚያማቸው የእድራችን ዳኛ አቶ ውበቱ ነበሩ። ባትሪው ሩብ ያህል ብቻ ነበር የቀረው። ጎረቤቶቼ ሲያሟሙቁት አምሽተው ነበር፣ ሌሊቱን ደግሞ መብራት ጠፍቶ አደረ።

"ይበቃናል ወይ?" አሉ አያ ፈንታ።

"ሄዶ መመለሻ ይተርፋል" አልኩ። የሸጠልኝ ሰውዬ የነገረኝን መድገሜ ነው። እሱ ግን ስለ ጮቄ ተራራ ብርድ ምንም አልነገረኝም፤ ሦስት ሽማግሌ በየመንገዱ "እስቲ ማሞቂያዋን ጨምሪያት" እንደሚሉም አልነገረኝም።

የቻይናዋ ሴት ዳገቱን ስንጀምር መናገር ጀመረች። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው "አሜን" አሉ። ደግማ ተናገረች፣ ደግመው "አሜን" አሉ።

"መሪጌታ፣ ጸሎት አይደለም። ቀበቶ እሰሩ ነው የምትለው።"

"ምርቃትም ትሁን ቁጣ አሜን ማለት አይጎዳም" አሉኝ።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። አያ ፈንታ ታች መንገዱ ላይ አስቆሙኝ። "እዚህ ቁሚ። ከዚህ በእግራችን እንወጣለን፤ ሽማግሌ እንደዚያ ነው።" እኔስ ምን አልኩ? "ይኼ መኪና ታች ሊቆም ነው የተገዛው?" ብዬ እስከ አቶ አለኸኝ አጥር ድረስ ነዳሁት። መኪናው ኮሽ ስለማይል ውሻቸው እንኳ አልጮኸብንም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ከፌስታል አውጥተው አደረጉና ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔም ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ መስኮቱን በስሱ ከፍቼ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ለቅቄ ቁጭ አልኩ።

"ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?" አሉ መሪጌታ።

አቶ አለኸኝ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ቀድመው ያዩት ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው የቆመውን ግዙፍ ነጭ ነገር ነው።

"ይኼ ደግሞ ከየት ወረደ?"

"ከማርቆስ ነው የመጣን። ለክፉ አይደለም፣ ለደግ ነው" አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወጉን ጠብቀው ልመናውን አቀረቡ። የልጄን ጨዋነት፣ የአባቱን ዘር፣ የማስተዋልን ምስጋና እያፈራረቁ ሲናገሩ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር።

በዚያ ቤት ወግ "ተቀመጡ" ማለት "እሺ" ማለት ነው። ሽማግሌ እስኪባል ድረስ ይቆማል፣ ውኃም አይቀምስም። አቶ አለኸኝ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ "ተቀመጡ" አላሉም። ዝቅ ብለው የሽማግሌዎቹን እግር ተመለከቱ።

"ጫማችሁን አየሁት" አሉ። "ጭቃ አልነካውም። እኔ የዚህችን ልጅ እናት ስጠይቅ አባቴ የላካቸው ሽማግሌዎች ይህን ዳገት በእግራቸው ነው የወጡት። እናንተ ሀብት ጭናችሁ ደጄ ድረስ መጣችሁ። ልጄን ልትለምኑ ነው ልትገዙ? ልጄ የገበያ በግ አይደለችም። በሉ በመጣችሁበት ተመለሱ።"

ጫማውን ማን እንዳስወለቃቸው፣ ደጁ ድረስ ማን እንደነዳ አውቃለሁ። የልጄ ፊት ነው የታየኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? መሪጌታ ሌላ ብዙ ተናገሩ፣ አያ ፈንታ ለመኑ፣ አቶ ውበቱ ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ። ሰውየው ወይ ፍንክች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሞቂያው እየሠራ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱና ተሳፈሩ። የመነሻውን ቁልፍ ስጫን የቻይናዋ ሴት አጭር ነገር ተናገረች። ስክሪኑ ቀላ። እንደገና ተጫንኩ፣ እንደገና ያንኑ ተናገረች። ቻይንኛ ባልችልም ያቺ ገባችኝ።

"ምን ሆነ?" አሉ አያ ፈንታ።

"አልቋል።"

"ምኑ?"

"ባትሪው ነዋ!"

ከኋላ በኩል አቶ ውበቱ ቀስ ብለው "አሜን" አሉ።

ያባረረንን ሰው መብራት ስጠን ብሎ የመለመን ዕጣ በአያ ፈንታ ላይ ወደቀ። ከመኪናው ሲወርዱ ያዩኝን አስተያየት እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

"ደግሞ ምን ቀራችሁ?" አሉ አቶ አለኸኝ።

"መኪናው ራበው።"

"ምንድን ነው የሚበላው?"

"መብራት።"

አቶ አለኸኝ መኪናውን ከፊት ጎማው እስከ ኋላው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረውን ንቀት መግለጽ አልችልም። ግን ወግ አጥባቂ ሰው ናቸውና ወጉ ያዛቸው። "የእንግዳ ከብት ደጄ ላይ ቆሞ አይራብም። አስገቡት" አሉ። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው እየተገፋ ግቢ ገባ። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ተነቅሎ በመስኮት በኩል ገመድ ተጎተተ። ከብቴም መብላት ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ግን መሄጃም መቀመጫም የላቸውም። "ተቀመጡ" አልተባሉማ፤ መኪናውም አሁን ግቢው ውስጥ ነው። ግቢው መሐል፣ በረቱ አጠገብ፣ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ቆሙ። አቶ አለኸኝ ፊታቸውን አዙረው ላሞቻቸውን ማለብ ጀመሩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። እኔ ማሞቂያ የለም፣ ምንም የለም፣ መሪውን አቅፌ እንቀጠቀጣለሁ። ይባስ ብሎ መብራት ሄደ። አቶ አለኸኝ አጠገባችን መጥተው ገመዱን አዩና ሳል ሳል አሉ። በእሳቸው ደጅ የእንግዳ ከብት መኖው ተቋርጦበት መቆሙ ያሳፈራቸው ይመስላል። "ይመለሳል፤ እዚህ እንዲህ ነው" አሉ።

መብራቱ ተመልሶ ትንሽ ቆይቶ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ እናነይ በሰሐን ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤና እርጎ ይዛ ወደ መኪናው መጣች። ሽታው ሊጥለኝ ነበር።

"እህቴ፣ ሽማግሌዎቹስ ወግ ይዟቸዋል። አንቺ ሹፌር ነሽ፣ ምን አገባሽ፣ ብዪ" አለችኝ።

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሹፌር ብሆን እበላለሁ። የልጁ እናት ነኝ፤ ልጄን እምቢ ያለ ቤት እህል በጉሮሮዬ እንዴት ይወርዳል? እጄ ወደ ቂጣው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

"በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ሆዴ በዚያው ቅጽበት ጮኸ። ያ ዝምተኛ መኪና ውስጥ ደግሞ ሁሉ ነገር ይሰማል።

ወይዘሮ እናነይ ፊቴን አተኩራ አየችኝ። "ሹፌር ምግብ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም" አለች። "እናቱ ነሽ።"

መካድ አልቻልኩም። እሷ በሩን ከፈተችና ልትገባ እግሯን አነሳች። እኔም፣ ልማድ ክፉ ነውና፣ ምን ብዬ አረፍኩት መሰላችሁ?

"ጫማሽን..."

በገዛ ግቢዋ፣ ልጇን ልለምን በመጣሁበት ደጅ! ወይዘሮ እናነይ ጫማዋን አወለቀች። ስትቀመጥ የወንበሩ ላስቲክ ተንጣጣ።

"ይቺ ላስቲክ ምንድን ናት?"

"ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"እንጃ" አልኩ። እውነትም አስቤበት አላውቅም።

ሰሐኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ፊት እያየች ተናገረች። "ማስተዋል ዕቃ አይበረክትላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልሰበረችው የለም። ለበሽተኛ እጇ እንደ ቅቤ ነው፣ ለብርጭቆ ግን አይሆንም። አንድ ቀን ያንቺንም ዕቃ ትሰብራለች። አለኸኝ ስለ ጫማ ይጨነቅ፣ እኔ የምጨነቀው ለዚያ ቀን ነው። ስትሰብር መጀመሪያ የምታዪው ምኑን ነው? የተሰበረውን ወይስ ልጄን?"

"ልጅሽን" ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ባዶ እግሯን አየሁት። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም" አልኳት። "የኔ አማት የምታየው ሰሐኑን ነበር። ለአንዲት ሰሐን ሳምንት ታኮርፈኝ ነበር። እንደሷ አልሆንም ብዬ ምያለሁ፤ ግን ይኸው ጫማሽን አስወለቅኩሽ።"

አለቀልን ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ሰሐኑን ከጭኗ አንስታ ጭኔ ላይ አኖረችው።

"'እንደ ልጄ አያታለሁ' ብትዪኝ ኖሮ ሰሐኔን ይዤ እገባ ነበር። እሱን የማይል የለም" አለች። "አሁን እንዳትበዪ። ሲፈቀድልሽ ትበያለሽ።" ጫማዋን አድርጋ ወረደች። በረቱ ጋ ሄዳ ባሏን በጆሮው አንድ ነገር ስትለው አየኋት።

አቶ አለኸኝ ወደ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታም ይህን ጊዜ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ከዘራቸውን ተከሉ።

"አቶ አለኸኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይበላል?"

"አይበላም።"

"ከብቱስ?"

"ከብት ምን አጠፋ? የእንግዳ ከብት..." ብለው ጀመሩና ቆም አሉ።

"አዎን፣ ጠዋትም የእንግዳ ከብት ብለዋል። ሦስታችንም ሰምተናል። እንግዳ ከሆንን ከዚህ ደጅ ሳይበላ የተሸኘ እንግዳ አለ ሲባል ሰምተን አናውቅም። እንግዳ ካልሆንን ደግሞ የማያውቁትን ሰው ከብት ነው ከጠዋት ጀምሮ የሚያበሉት። እንግዲህ ወይ እኛንም ያብሉን፣ ወይ ከብታችን የበላውን ያስተፉልን።"

ከጓዳ የሴት ሳቅ አመለጠ። ማስተዋል ናት። አቶ አለኸኝ ወደ ጓዳው ዞሩ፣ ወደ ገመዱ ዞሩ፣ በመጨረሻ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"እናነይ፣ እንግዲህ ምን ትያለሽ?"

"ያልኩህን ነው። እናቱን አናግሬያታለሁ፤ ዋሾ አይደለችም።"

"እናቱ ታዲያ የት አለች?"

"ሹፌሯ ናት።"

ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "እናት ለልጇ ስትል ወግ ጥሳ ሹፌር ሆና መጣች?" አሉ። ድምፃቸው እንደመሳሳት አለ። ለልጄ ስል ቢሆን ኖሮ እንዴት ባማረብኝ! እኔ የመጣሁት ቁልፉን ለሰው ላለመስጠት ነበር። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእናንተ ነው የምናገረው።

አቶ አለኸኝ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "በሉ ተቀመጡ" አሉ። አቶ ውበቱ ቃሉ ሳያልቅ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብለው ነበር። እኔም ቂጣውን እዚያው መሪው ላይ ጎረስኩት። ቀዝቅዟል፣ ቅቤው ረግቷል። እንደሱ የጣመኝ ምግብ የለም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሙሽራዋ ከአባቷ ደጅ እስከ ታች መንገድ በእግሯ ወረደች፤ አቶ አለኸኝ ያን አላለፉም። እኔም መኪናውን ታች አቁሜ ጠበቅኋት፣ ምን አፍ አለኝ።

አዲስ ባለመኪና የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ መኪናችሁን አትውደዱ አልላችሁም። ውደዱት፣ እጠቡት፣ ጎረቤት ይይላችሁ። እኔ ዛሬም በየጠዋቱ አየዋለሁ። ብቻ ያቺ ሴት የጠየቀችኝን ጥያቄ አንድ ቀን ሰው እንደሚጠይቃችሁ እወቁ። መልሱ ደግሞ በአፍ የሚመለስ አይደለም።

የእኔ ቀን ባለፈው እሑድ ደረሰች። ማስተዋል ቁልፉን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ጓዳ ሆኜ መጀመሪያ የሰማሁት የቻይናዋን ሴት ጩኸት ነው፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ። ሮጬ ወጣሁ። ማስተዋል መሪውን እንደጨበጠች ነበር። እስከዚያ ቀን "እትዬ" ነበር የምትለኝ።

"እማ" አለች።

"ተጎዳሽ ወይ?" አልኳት።

አልተጎዳችም። አቅፌ ቤት አስገባኋትና ስልኬን አንስቼ ለእናነይ ደወልኩ።

"ልጅሽ መኪናዬን ሰበረችው።"

"ታዲያ ምኑን አየሽ?" አለች።

"መጀመሪያ እሷን።"

"ቀጥሎስ?"

"ቀጥሎማ መኪናውን አይቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው አይደለሁም እንዴ?"

እናነይ ሳቀች፣ እየሳቀችም ማልቀሷ ተሰማኝ።